ከጋራዡ ደጃፍ፦ ባለ 350 ወይስ ባለ 454?

ባለፈው እትም ስለ ቮልስ ካርቡራቶር ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ግማሾቹ ግን ስለ ቮልስ አይደሉም። በየግቢው በሸራ ተሸፍኖ የቆመ ስንት የአሜሪካ መኪና እንዳለ የገባኝ ገና አሁን ነው። ስለዚህ የዛሬው ዓምድ ለባለ ስምንት ሲሊንደሮቹ ይሁን። የመኪናዎቹ ዓመት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። 307፣ 350፣ 454 የሚሉት ቁጥሮች የሞተሩን የሲሊንደሮች ጠቅላላ መጠን በኪዩቢክ ኢንች የሚናገሩ ናቸው፤ ስሞል ብሎክና ቢግ ብሎክ የሚባሉት ደግሞ አካሉ ትንሽ የሆነና ትልቅ የሆነ ሞተር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። 27 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ሰበታ ነው። አያቴ ትተውልን ያለፉት የ1970 ሼቭሮሌት ሼቬል ማሊቡ ግቢያችን ውስጥ ለዓመታት ቆማለች። ሞተሯ 307 ነበር፤ ውሃ ገብቶበት ተጣብቋል፣ ብሎኩም ተሰንጥቋል። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ሞተር ገዝቶ ሊልክልኝ ነው። አንድ 350 ስሞል ብሎክና አንድ 454 ቢግ ብሎክ አግኝቷል፤ ዋጋቸው ብዙም አይራራቅም። ጓደኞቼ «እዚህ ከፍታ ነው፣ ሞተር ይደክማል፣ ትልቁን አስመጣ» ይሉኛል። እርስዎ ምን ይላሉ? (ብ.፣ ከሰበታ)

መልስ፦ ልጄ፣ 350ውን አስመጣ።

ይህን ስታነብላቸው ጓደኞችህ «ሽማግሌው ፈራ» እንደሚሉ አውቃለሁ። ደግሞም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ተርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ጠለል በላይ 300 ሜትር በወጣ ቁጥር ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ይጎድልበታል። እናንተ ያላችሁት 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እንግዲህ ከአራት እጅ አንዱ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጉልበት ጠፋ ማለት ነው። በ1970 ባለ አራት ጉሮሮ ካርቡራቶር ያለው 350 በወረቀት 300 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ሰበታ ላይ 230 በለው። ኤል ኤስ 6 የተባለው ኃይለኛው 454 በወረቀት 450 ነበር፤ እሱም ወደ 345 ይወርዳል። እነዚህ የወረቀት ቁጥሮች ራሳቸው ሞተሩ ከመኪናው ወጥቶ፣ ያለ ጭስ ማውጫውና ያለ ተጓዳኝ ሸክሙ የተለኩ ናቸው። አሜሪካኖቹ መኪናው ላይ እንደተገጠመ መለካት ሲጀምሩ፣ በ1972፣ የሁሉም ቁጥር በአንድ ጊዜ ቁልቁል ወርዷል።

ጓደኞችህ የሳቱት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ አንድ ቪትዝ 70 ገደማ የፈረስ ጉልበት ይዞ በዚያው መንገድ ይኖራል። 230 ይዘህ ከአለም ገና ሰበታ ባጃጅና ሲኖትራክ መሃል የት ልትከንፍ ነው? ሁለተኛውን ደግሞ ለወንድምህ ንገረው፤ በ350 ዋጋ የሚሸጥ 454 ኤል ኤስ 6 አይደለም። ያ ሞተር ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት ዕቃ ነው። ወንድምህ ያገኘው ከፒክአፕ ወይም ከትልቅ የጭነት መኪና የወጣ 454 መሆኑ አይቀርም። እነዚያ ለመጎተት እንጂ ለመሮጥ አልተሠሩም፤ ከኤል ኤስ 6 ጋር የሚያዛምዳቸው ስማቸውና መጠናቸው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ክብደቱ እንምጣ። 350 ከነብረቱ 260 ኪሎ ገደማ፣ 454 ደግሞ 310 ገደማ ይመዝናል። ልዩነቱ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ነው። ከረጢቱ ግን የሚጫነው ኋላ ሳይሆን ከፊት ጎማዎቹ በላይ ነው፤ የአያትህ መኪና የፊት ሞላ ደግሞ የተቆረጠው ለ307 ነው። 307 እና 350 አንድ ቤተሰብ ናቸው። ሼቭሮሌት በ1955 በ265 ኪዩቢክ ኢንች የጀመረው ስሞል ብሎክ ነው 283፣ 327፣ 350፣ 307 እያለ የበዛው። የሞተሩ መቀመጫ፣ የቺንጋው አሰላለፍ፣ የጭስ ማውጫው መጋጠሚያ፣ ካምቢዮው፣ ሁሉም አያትህ በነዱት ላይ ይገጥማል።

454ን ብታስገባስ? ይገባል። ፋብሪካው ራሱ በ1970 ሼቬል ላይ ገጥሞታል፤ ካምቢዮውም ሳያስቸግር ይያያዛል፣ የሁለቱ ብሎክ የኋላ ብሎኖች አቀማመጥ አንድ ነውና። ሰው የሚታለለውም እዚህ ላይ ነው። «ገጠመ!» ይልና ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ከዚያ የራሱ ቮላኖ (ከክራንኩ ኋላ የሚታሰረው ከባድ መዘውር) ይጠይቃል፤ የ454 ክራንክ ሚዛኑን የሚጠብቀው ከውጭ ባሉት ቮላኖና የፊት ፑሊ ስለሆነ የ307ቱን ብታስርበት ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ይኖራል። ቀጥሎ የፊት ሞላ፣ ሌላ የጭስ ማውጫ፣ ጠንካራ የኋላ ዲፈረንሻል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ራዲያተር።

ስለ ራዲያተር የምናገረው ከመጽሐፍ አይደለም። ግራ እጄ አንጓ ላይ ያለውን ጠባሳ የማያውቅ ደንበኛ የለኝም። ከአሥር ዓመት በፊት አንድ ሰው 454 የተገጠመለት የሼቭሮሌት ፒክአፕ አመጡልኝ። ሞተሩን አስተካከልኩና ልሞክረው ብዬ ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ወደ ሱሉልታ ይዤው ወጣሁ። ድምፁን ብትሰማው! ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሆኖ ዳገቱን እንደ ሜዳ ይበላዋል፤ ቤንዚኑን ሳትረግጠው መኪናው ከኋላህ ገፋ ያደርግሃል። ያንን ስሜት አልክድም፤ ትንሽ ሞተር ጮኾ የሚሠራውን እሱ እያጉረመረመ ይሠራዋል። ዳገቱ ሳያልቅ ግን ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ተነሣ። የሙቀቱን መርፌ አየሁት፤ ቀዩን አልነካም። «ቱቦ ነው የፈነዳው» ብዬ ወረድኩ። ቱቦው ደህና ነው። ልጅ የማይሠራውን ስህተት የሠራሁት ያኔ ነው፤ ጃኬቴን ጠቅልዬ የራዲያተሩን ክዳን ሩብ ዙር ፈታሁት።

ቁስሉ ድኖ ክዳኑን ገልብጬ ሳየው ምሥጢሩ ተገለጠልኝ። ከሥሩ ያለው ላስቲክ እንደ ድርቆሽ ተሰነጣጥቋል፤ በጣት ስትነካው ይፈረፈራል። ሞላውም ላልቷል። እንግዲህ አስበው፦ ባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ገደማ ይፈላል፤ ሱሉልታ ዳገት ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የመኪናው ቴርሞስታት፣ ማለትም ውሃው እስኪሞቅ ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋው በር፣ መከፈት የሚጀምረው በ91 ዲግሪ ነው። በሩ ሲከፈት ውሃው ፈልቶ ጠበቀው! ከዚህ የሚያድነን የክዳኑ ግፊት ብቻ ነው። አንድ ባር ገደማ የሚይዝ ደህና ክዳን የመፍያውን ነጥብ ወደ 25 ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል። ክዳኑን ቀየርኩ፤ ዳገቱን ወጣ። ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ ሰልፍ ውስጥ ሲቆም ግን እንደገና ጋለ፤ የተገጠመለት ራዲያተር ለትንሽ ሞተር የተሠራ ነበርና። ባለቤትየው በመጨረሻ ለራዲያተሩና ለማራገቢያው ያወጡት ብር ለሞተሩ ጥገና ከከፈሉኝ በለጠ።

ስለ ነዳጁ ብዙ አልልም። ማደያ ሰልፍ ቆመህ ታውቃለህ፤ 7.4 ሊትር ሞተር ከ5.7 ሊትር የበለጠ እንደሚጠጣ ላስረዳህ አያስፈልግም።

350ውንም ቢሆን ወንድምህ ዓይኑን ጨፍኖ አይግዛ። አንዴ ለደንበኛ «350 ነው» ተብሎ የመጣ ሞተር ተረከብኩ። የአየር ማጣሪያው ክዳን ላይ በትልቁ 350 የሚል ተለጥፏል፣ ቀለሙ ብርቱካናማ፣ ሁሉ ነገር ያምራል። ቴስታታውን ስናነሳ ሲሊንደሩ ዓይኔን አልሞላውም። ረዳቴን «ካሊፐር አምጣ» አልኩት። የ350 ሲሊንደር ስፋት 101.6 ሚሊ ሜትር ነው። ሦስቴ ለካን፤ ሦስቴም 95 ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ሞተሩ 305 ነበር! ከውጭ ሲታዩ መንትዮች ናቸው፤ ተለጣፊ ደግሞ በሳንቲም ይገዛል። ሻጩ ስልኩን ዘጋ፣ እኔም ከደንበኛዬ ጋር ለወራት ተኮራረፍኩ።

ስለዚህ ወንድምህ ሁለት ፎቶ ይላክልህ። አንዱ ከብሎኩ ኋላ በሹፌሩ በኩል፣ ካምቢዮው በሚገጥምበት ከንፈር ላይ፣ ከብረቱ ጋር አብሮ የተቀረጸው ቁጥር ነው። ሌላው ከፊት በተሳፋሪው በኩል ከቴስታታው ሥር ባለች ለስላሳ ገበታ ላይ የተመታው ነው። ሁለቱን ስትልክልኝ ምን እንደሆነ እነግርሃለሁ። ሌላም ነገር አለ፤ ከ1986 ወዲህ የተሠራ 350 ከሆነ የክራንኩ የኋላ ጫፍ ተለውጧል፤ የአያትህ ቮላኖ አይገጥምለትም። ከዚያ በፊት የተሠራ ቢሆን ይመረጣል።

ወረቀቱንም አትርሳ። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር አለ። ሞተር ስትቀይር የግዢውንና የጉምሩኩን ደረሰኝ ይዘህ መንገድ ትራንስፖርት ካላስመዘገብክ፣ ለቦሎ ምርመራ የቀረብክ ዕለት ቁጥሩ አይጣጣምም፤ ያን ቀን ስለ ፈረስ ጉልበት ማንም አይጠይቅህም። ወንድምህ ዕቃውን መርከብ ላይ ከመጫኑ በፊት ጉምሩክ ሂድና ጠይቅ። ከ2024 ጀምሮ የቤንዚንና የናፍታ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል፤ እጅህ ላይ ያለችው ማሊቡ ድጋሚ የማትገኝ ናት።

454 ግጠም የምልህ መቼ ነው? መኪናዋ ከፋብሪካ ኤስ ኤስ (የሼቬል የስፖርት ዓይነት) ሆና ቢግ ብሎክ ይዛ የወጣች ብትሆን ኖሮ፣ ሌላ ሞተር ላስገባባት የሚል ሰው ጋራዤ አይገባም ነበር። ያንተዋ ግን በስሞል ብሎክ የተወለደች ማሊቡ ናት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የአባቴ የ1965 ፎርድ ሙስታንግ 289 ሞተር አለው። ለገጣፎ ካመጣነው ወዲህ ጥቁር ጭስ ያጨሳል፣ ዳገት ላይ ይታፈናል። የሰፈራችን መካኒክ «ሞተሩ ለዚህ አገር አንሷል፣ 390 ቢግ ብሎክ እናስገባበት» አለን። አባቴ ሊስማማ ነው። (ሰ.፣ ከለገጣፎ)

መልስ፦ እህቴ፣ አባትሽን ቶሎ ያዢያቸው።

በመጀመሪያ፣ የ1965 ሙስታንግ የሞተር ክፍል ለ390 አልተሠራም። ፎርድ ራሱ 390ን ለመግጠም ሲፈልግ የ1967ቱን ሙስታንግ ማስፋት ግድ ሆኖበታል። መካኒካችሁ ሊያስገባው ከፈለገ የፊት እግሮቹን ሞላ የያዘውን ቆርቆሮ መቁረጥ አለበት፤ ያን ጊዜ መኪናው የአባትሽ ሙስታንግ መሆኑ ቀረ።

ደግሞም ጥቁር ጭስ የሞተር ማነስ ምልክት አይደለም። ቤንዚን በዝቶበታል። ካርቡራቶሩ የተለካው ለቆላ አየር ነው፤ እዚህ አየሩ ሳስቶ ቤንዚኑ እንደ ድሮው ሲፈስ ሞተሩ ይታፈናል። አንዱን ካንዴላ አስፈቺና ጫፉን እይው። እንደ ከሰል ጠቁሮ ደረቅ ጥላሸት ከያዘ የምልሽ ነገር ነው። የማኪያቶ መልክ እስኪይዝ ድረስ ማስተካከል ነው ሥራው። መጀመሪያ ቀላሉ ይታይ፦ የአየር ማጣሪያው ታፍኖ እንደሆነ፣ ለብርድ ማስነሻ የሚዘጋው ክዳን ተጣብቆ ቀርቶ እንደሆነ፣ የካርቡራቶሩ ተንሳፋፊ ከፍ ብሎ እንደሆነ። እነዚህ ደህና ከሆኑ ጄት የሚባሉት ቤንዚን የሚያሳልፉ ቀዳዳ ያላቸው ትናንሽ የነሐስ ብሎኖች በጠበቡ ይቀየሩ። የሆሊ ካርቡራቶር ሰዎች በየ600 ሜትሩ አንድ ቁጥር ዝቅ አድርጉ ይላሉ፤ በዚህ ሂሳብ ለገጣፎ ላይ ሦስት ወይም አራት ቁጥር ይሆናል። ለእናንተ ካርቡራቶርም መነሻ ይሆናል። ከዚያ የእሳቱን ጊዜ ሁለት ሦስት ዲግሪ ወደፊት ማስቀደም ይቻላል፤ ሳስቶ በሚነድ አየር ሞተሩ ቶሎ አይንኳኳም።

«ቀዳዳው ጠቧል» ብሎ ጄቱን በሽቦ የሚያሰፋ ሰው ካጋጠመሽ ቁልፉን ተቀብለሽ ውጪ። የሚያስፈልገው ማጥበብ እንጂ ማስፋት አይደለም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አባትሽ አሁንም ጉልበት ካማራቸው፣ የፎርድ 302 አለላቸው። የሲሊንደሩ ስፋት ከ289 ጋር አንድ ነው፤ የሚበልጠው የፒስቶኑ ጉዞ ብቻ ነው። አንድ ቆርቆሮ ሳይቆረጥ በ289 ቦታ ይቀመጣል።

ጥያቄ፦ ጋሽዬ፣ እኔና ጓደኛዬ ዱከም ሥጋ ቤት ተቀምጠን ተከራከርን። እሱ «ከ390 በላይ የሆነ ሁሉ ቢግ ብሎክ ነው» አለ፤ እኔ «አይደለም» አልኩ። በሁለት ኪሎ ጥሬ ሥጋ ተወራርደናል። ይፍረዱን። (ሁለቱ ጓደኛሞች፣ ከዱከም)

መልስ፦ «አይደለም» ያልከው አሸንፈሃል።

ትንሽና ትልቅ የሚባለው የብሎኩ አካል እንጂ በውስጡ የሚይዘው አየር አይደለም። ሼቭሮሌት በ1970 400 ኪዩቢክ ኢንች የሆነ ስሞል ብሎክ አወጣ። 454 የተወለደበት የዚያው ኩባንያ የቢግ ብሎክ ቤተሰብ ደግሞ በ1965 የጀመረው ከ396 ነው። እንግዲህ ትንሹ ከትልቁ በለጠ። ልዩነቱን ብትለኩት የስሞል ብሎኩ ሲሊንደሮች ከመሃል እስከ መሃል 111.8 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፤ የቢግ ብሎኩ 122.9። በዚያ በ400ው ላይ ሲሊንደሮቹን ለማስፋት ሲሉ በመካከላቸው የነበረውን የውሃ መተላለፊያ ዘግተው አጣብቀዋቸዋል፤ ስለዚህ 400 ስሞል ብሎክ ካያችሁ ሙቀቱን ተጠንቀቁለት።

ለሌላ ጊዜ ክርክር እንዲያግዛችሁ፦ የድሮ ሼቭሮሌት ኮፈን ከፍታችሁ የቴስታታውን ክዳን ብሎኖች ቁጠሩ። በእያንዳንዱ ክዳን አራት ከሆኑ ስሞል ብሎክ ነው፤ ሰባት ከሆኑ ቢግ ብሎክ ነው። ጎንበስ ብላችሁ የጭስ ቀዳዳዎቹንም እዩ። በስሞል ብሎኩ መሃል ያሉት ሁለቱ ተጠጋግተው ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ፤ በቢግ ብሎኩ አራቱም እኩል ተራርቀዋል።

ጓደኛህ ግን «ታዲያ ፖንቲያክስ?» ብሎ ሊያስቸግርህ ከሞከረ፣ እዚያ ክርክሩ ራሱ አይሠራም። በ1964 ጂ ቲ ኦ ላይ የገባው 389ም ሆነ በኋላ የመጣው 455 ከውጭ በአንድ ቁመና ብሎክ የተሠሩ ናቸው፤ ትንሽም ትልቅም የሚባል የለም። ክራይስለር ቤት ደግሞ 340 እና 360 ትንሾቹ፣ 383 እና 440 ትልልቆቹ ናቸው፤ በ1966 ለመንገድ የወጣው 426 ሄሚም ከትልልቆቹ ወገን ነው።

ሥጋውን ስትቆርጡ እኔ ከቱሉ ዲምቱ ሩቅ አይደለሁም። ቅዳሜ ከስድስት ሰዓት በኋላ ጋራዡን እዘጋለሁ።